ሁለት መቶ አሥር

በአርባ አንድ ዓመት ሥራዬ ክብደቱን ጨምሮ የዋሸኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቀንሶ ነው የሚዋሸው። ሆዱ ከራሱ አንድ እርምጃ ቀድሞት ጋራዤ የገባ ሰውዬ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ «መቶ ሰማንያ ፓውንድ» ይለኛል። እኔም «እሺ ጌታዬ» እላለሁና ወረቀቴ ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ እጽፋለሁ። እሱ አይጠይቀኝ፣ እኔ አልነግረው። በሰላም እንለያያለን።

ሥራዬ የድሮ መኪናዎችን እግር ማስተካከል ነው። ሞተር አልነካም፣ ቀለም አልቀባም። ከወለሉ በታች ያለው ነው የኔ፦ ሻንሲው፣ ሞላው፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሀል የሚገባው ጎሚኒ። ደንበኛ ሲመጣ ታዲያ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ዓይነት ሞላ ትፈልጋለህ ብዬ አይደለም። ስንት ትመዝናለህ ብዬ ነው። መኪና ባዶዋን አትሄድም፤ ሰው ተቀምጦባት ነው የምትሄደው። የሰውየውን ክብደት ሳውቅ ጀርባውንም ጉልበቱንም አውቃለሁ፤ በዚያው ልክ አለሰልሳለሁ ወይም አጠነክራለሁ። ካታሎግ ላይ ትልቁን ቁጥር የማይመርጥ ወንድ ደግሞ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሁሉም ጠንካራውን ነው የሚፈልገው። እኔ ዝም ብዬ ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጌ አስገባለታለሁ። በሳምንቱ ተመልሶ «ኖርብ፣ ጠንካራው እንዴት ያለ ግሩም ነገር ነው!» ብሎ እጄን ይጨብጣል።

ዓይኔ ሚዛን ነው። ልኩራራ ብዬ አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በየዓመቱ በሐምሌ ደብራችን ለጣሪያው ማደሻ ባዛር ሲያዘጋጅ ክብደት ገማቹ እኔ ነኝ። ሰው ሁለት ዶላር ከፍሎ ፊቴ ይቆማል፤ ከሦስት ፓውንድ በላይ ከሳትኩ አሻንጉሊት ይወስዳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰጠሁት አሻንጉሊት በጣት የሚቆጠር ነው። ጓደኛዬ ቨርል ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ሰው ይጠራልኝ ነበር። «ኑ! ኑ! ኖርብ ጆሮ የለውም፣ ዓይን ብቻ ነው ያለው! አፋችሁን ዝጉና ዝም ብላችሁ ቁሙ!» ይል ነበር። ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል።

ያ ጨምሮ የዋሸኝ ሰው ቨርል ነው።

የተገናኘነው ከዲትሮይት በታች ባለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ በአምስተኛው ዓመት ሥራውን ጥዬ ወጥቼ ጋራዤን ከፈትኩ፤ እሱ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ሰው ነበር። ሁለት መቶ አሥር ፓውንድ፤ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንድም ዓመት አልተለወጠም። ሚስቱ ማርሊስ ደግሞ መቶ አሥራ ስምንት፤ እሷን ስገምት ድንኳኑ ውስጥ አስገብቼ በጆሮዋ ነው የምነግራት።

በሠርጋቸው ዓመት አንዲት ሼቬል የምትባል መኪና ገዛ፤ በፈረንጆቹ 1970 የተሠራች፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሁለት በር። እኛ እንዲህ ያሉትን ባለጡንቻ እንላቸዋለን። ጡንቻ ያለው ሁሉ ልብ አለው ማለት ግን አይደለም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚቀድማት አልነበረም። ኩርባ ላይ ግን ራሷን አታውቅም፤ አፍንጫዋ አንድ አገር ጭራዋ ሌላ አገር። ቨርል ሙሽራውን ይዟት ወደ ሰሜን ሄደ። እዚያ ከሐይቁ ገደል በላይ ዛፍ ግራና ቀኝ የገጠመበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ሃያ ማይል ሙሉ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ መሪውን ቢያዞረው መኪናዋ አልሰማችውም። የኋላ ጎማዋ ከገደሉ አፋፍ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመች።

ማርሊስ ወረደች። ነጭ የሙሽራ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና እስከ ሆቴሉ በእግሯ ሄደች። ወደ ቤትም በአውቶቡስ ተመለሰች፤ የጫጉላ ሽርሽር ተብዬው! «ይቺ ነገር መታጠፍ የተማረች ቀን እገባለሁ» አለችው። እንዳለችውም ለአርባ አምስት ዓመት አልገባችም። እሱ በሼቬሏ ሲሄድ እሷ በራሷ መኪና ከኋላ ትከተለዋለች። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሁለቱም ከየመኪናቸው ሲወርዱ እንስቅባቸው ነበር፤ እነሱም ይስቁ ነበር።

የኛ የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ረቡዕ ነው የሚገባው። ከዋዜማው ማክሰኞ ፖንችኪ ይበላል፤ መሀሉ ማርማላታ የታጨቀበት፣ ጾሙ ሳይገባ ዘይቱና ስኳሩ እንዲያልቅ የሚጠበስ ዶናት ነው። ቨርል በዚያ ቀን ስድስት የሚበላ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት በዚያው ማክሰኞ አንድ ካርቶን ፖንችኪ ይዞ፣ ካታሎግ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ጋራዤ ገባ።

«ሂድ ወዲያ፣ ለሽማግሌ አንሠራም» አልኩት።

«ሽማግሌ ያንተ ቢጤ ነው። እኔ ገና እያማረብኝ ነው።»

ካርቶኑን ከፍቶ ወደ እኔ ገፋው። እሱ አላነሳም። ጃኬቱ የዱሮው ነው፤ ትከሻው የነበረበት ቦታ ግን ባዶውን ታጥፎ ወርዷል። በመከር ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር እንደተገኘ፣ ቀዶ ሕክምናም እንደተደረገለት አውቃለሁ። «አወጡት፣ አለቀ» ብሎኝ ነበር በስልክ። ዓይኔ ሳልጠይቀው መልሱን ሰጠኝ፦ መቶ ስድሳ ስምንት። ፖንችኪ አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።

«መታጠፍ እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«አርባ አምስት ዓመት ቀጥ ብዬ ሄድኩ። አሁን መታጠፍ እፈልጋለሁ። ማርሊስን ይዤ፣ ወደ ሰሜን፣ ያንን መንገድ።»

«እሷ ምን አለች?»

«ቃል ቃል ነው አልኳት። ማን ነው የሚያስተምራት አለችኝ። ኖርብ አልኳት።» ካታሎጉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ግማሹ ገጽ ጥጉ ታጥፏል። «እስከ ሰኔ አድርስልኝ። ከሰኔ አታሳልፈው።»

ለምን ሰኔ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ተቀምጠን መረጥን። እንዲህ ያለውን ምርጫ ከቨርል ጋር በወሬ ደረጃ ለሠላሳ ዓመት ስንከራከርበት ኖረናል፤ አሁን እውነት ሲሆን ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሆንን። ዛሬ ለነዚህ መኪናዎች ሙሉ አዲስ ሻንሲ ይሸጣል፤ አካሏን አንስተህ አዲሱ ላይ ታሳርፋታለህ። ይህን ስነግረው «ሚስት ቀይሮ ቀለበቱን ማስቀረት ነዋ!» ብሎ ሳቀና ሳሉ ያዘው። እስኪለቀው ጠበቅኩት። አሮጌው ሻንሲ ተጠግኖ፣ ብረት ተጨምሮበት እንዲጠነክር ተስማማን። ጎማ የሚይዙት ክንዶች በአዲስ እንዲቀየሩ፣ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል ከፊትም ከኋላም ወፍራም ዘንግ እንዲገባላት ተስማማን።

«ጎሚኒውስ?» አልኩት። «ላስቲክ ነው ወይስ ጠንካራው ፕላስቲክ?»

«ጠንካራው።»

«ላስቲኩ የመንገዱን ምት ይውጥልሃል። ጠንካራው ምንም አይውጥም፣ እንዳለ ጀርባህ ላይ ነው የሚያስረክብህ።»

«ጀርባዬ ምን ሆነ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ሙሉ ማርማላታ ነበር።

«ምንም አልሆነም» አልኩት።

ሞላው ላይ ስንደርስ ጣቱን ትልቁ ቁጥር ላይ አሳረፈ። የጣቱ አጥንት ከነመገጣጠሚያው ይታያል። እኔ ደግሞ የልማዴን፣ ሳላስበው፣ «ስንት ትመዝናለህ?» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን በቆረጥኩት ብዬ ተመኘሁ።

ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። «ሁለት መቶ አሥር» አለ።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ወረቀቱ ፊቴ ነው። ሆስፒታሉ እውነቱን ይነግረዋል፣ ሱሪው ይነግረዋል፣ መስታወቱ ይነግረዋል፤ አንድ ቦታ፣ እኔ ጋ እንኳ፣ ሁለት መቶ አሥር ይሁን አልኩ በሆዴ። ደግነት መስሎኝ ነው። በአርባ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረኝን ቁጥር እንዳለ ጻፍኩ።

አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወረቀቱን አየ።

«ጻፍከው?» አለኝ።

«ጻፍኩት።»

ካታሎጉን አጥፎ ተነሣ። ካርቶኑን ትቶልኝ ሄደ።

መጋቢትና ሚያዝያ በሥራ አለቁ። አካሏን ከሻንሲው ላይ ሳነሳ የኋላው ብረት ተበልቶ አገኘሁት። በክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የኛን አገር መኪና ሁሉ እንዲህ ነው የሚበላው፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ወንፊት ነው። ቆርጬ ጣልኩ፣ አዲስ በየድኩ። ቨርል በየቀኑ ይደውላል። አንዳንድ ቀን ስለ ጎማ ያወራኛል፣ አንዳንድ ቀን ስለ ቤዝቦል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይለኝ የብየዳውን ድምፅ ሲሰማ ይቆይና «በል በርታ» ብሎ ይዘጋል። ጠንካራው ሞላ መጣ፣ አስገባሁት። ጠንካራው ጎሚኒ መጣ፣ እሱንም። ሁለት ደረጃ ዝቅ አላደረግኩም። ቨርል ከቁጥር ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ሞላው ላይ የተጻፈውን አይቶ ለምን ቀነስክ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ከስተህ ስላየሁህ ልለው ነው?

በግንቦት አንድ ቀን ማርሊስ ብቻዋን መጣች። እጇን ቦርሳዋ ላይ አጣጥፋ ማንሻው ላይ የተሰቀለችውን ሼቬል ከታች ወደ ላይ አየቻት።

«ልትገድለኝ የነበረችው ይቺ ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ከሥር ስትታይ እንኳን ያን ያህል አታስፈራም።» ዞር ብላ አየችኝ። «እውነት ትታጠፋለች፣ ኖርብ? ለሱ ብለህ አትዋሸኝ።»

«ትታጠፋለች።»

«ደግ። ለሱ ስል እገባለሁ። ባትታጠፍም እገባ ነበር፣ እሱን ግን እንዳትነግረው።» ከዚያ እንደ ዋዛ ቀጠለች። «የኩሽና ወንበር ላይ ያለ ትራስ አይቀመጥም አሁን። ሌሊት ሲገላበጥ ይጮኻል። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል አሉን፣ አከርካሪው ላይ።»

ከድንጋይ የማይለሰልስ አንድ ጎሚኒ በእጄ ይዤ ነበር። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«የመኪናዋ መቀመጫ ወፍራም ነው» አልኳት።

ለስላሳውን ሞላ አዝዞ ለመቀየር አሥር ቀን ይበቃኝ ነበር። አሥር ቀንና አንድ የስልክ ጥሪ። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ደግነት የሚባለው ነገር አንዴ ከጀመርከው መውጫ የለውም፤ ፈሪ ከሆንክ ደግሞ ጭራሽ የለውም። እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ያወቅኩት በስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

በኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ። የመጨረሻዎቹ ብሎኖች መኪናዋ በአየር ላይ ተሰቅላ እያለች አይጠብቁም። በራሷ እግር ወርዳ፣ የሚነዳት ሰው መቀመጫው ላይ ተቀምጦባት፣ በየጎማው ሥር አንድ አንድ ሚዛን ተደርጎ ነው የሚጠብቁት። ቨርል ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ልምጣና ልቀመጥባት?» አለኝ በስልክ።

ተቀመጠባት ማለት አራቱ ሚዛኖች እውነቱን በቀይ ቁጥር ፊቱ ላይ ያበሩበታል ማለት ነው።

«አትድከም። የአሸዋ ከረጢት አለኝ፣ በሱ እሠራዋለሁ።»

«ስንት ፓውንድ አሸዋ?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «አንተ ካልክ።»

ከረጢቶቹን የሹፌሩ መቀመጫ ላይ ደርድሬ ቀበቶ አሰርኩላቸው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። አራቱም ጎማ ላይ ያረፈው ክብደት በልኩ ሆነ፤ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ እንደሷ የተስተካከለች የለም። ለማን ነበር የተስተካከለችው? ያ ሰውዬ ካለፈው መከር ወዲህ የለም። አውጥቼ ነዳኋት፤ በወንዙ ዳር ያሉትን ኩርባዎች ሁሉ ቀጥ ብላ ያዘችልኝ። እኔ ሁለት መቶ ስድስት ፓውንድ ነኝ፤ ለኔ ግሩም ነበረች።

በሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደጃቸው ተሰበሰብን። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ቨርል በዱላ ወጣ፤ ዱላውን ለኔ ሰጠኝና በሩን ይዞ ቀስ ብሎ ገባ። ማርሊስ ነጭ ጫማ አድርጋለች፣ አዲስ። ከሱ አጠገብ ያለውን በር ስትከፍት ጎረቤት አጨበጨበ። አንዷ «ማርሊስ፣ የአውቶቡስ ሂሳብ ያዝሽ?» ብላ ጮኸች።

«ይዣለሁ!» አለች ማርሊስ፣ ቦርሳዋን መታ መታ አድርጋ። የሚቀመጥበትን ትራስ ከኋላ ወንበር ላይ አይቼዋለሁ። ቨርል ሰው ፊት ከሥሩ እንዲደረግለት አልፈለገም።

ሞተሩን አስነሣ። በመስኮቱ አየኝ፤ ደስ ያለው ልጅ ይመስል ነበር። ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኬ ጠራ።

«ኖርብ፣ ና» አለችኝ ማርሊስ።

«ተበላሸች?»

«እሷ ደህና ናት።»

መኪና የሚጭነውን ጠፍጣፋ ካሚዮኔን ይዤ በረርኩ። ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ሲሚንቶ ነው። በየጥቂት ሜትሩ መጋጠሚያ አለው፤ ክረምት ሲገባ እየተነሣ፣ በጋ ሲሆን እየተሰነጠቀ እንደ ደረጃ ሆኗል። ታክ፣ ታክ፣ ታክ ይላል ጎማው። አርባ ዓመት ስነዳበት ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን እያንዳንዱን ሰማሁ። በየመጋጠሚያው ቨርል አከርካሪ ላይ ምን እንዳረፈ እያሰብኩ ሠላሳ ስምንት ማይል ነዳሁ።

ከመውጫው አጠገብ አንድ ነዳጅ ማደያ ጓሮ ቆመው አገኘኋቸው። ማርሊስ ትራሱን አቅፋ ውጭ ቆማለች። ማርሽ የምትቀይርበት መኪና ነድታ ስለማታውቅ መሪውን ልትቀበለው አልቻለችም። ቨርል አሁንም መሪው ኋላ ነው። ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ፊቱ አመድ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ደረቱ ላይ ተጣብቋል።

«አንድም ቃል አልተናገረም» አለችኝ ማርሊስ ቀስ ብላ። «ታክ ባለ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። እየነዳ፣ ኖርብ፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ቁም አልኩት፣ ትንሽ ነው የቀረው አለኝ። አራት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ እኮ ነው የቀረው።»

በሩን ከፈትኩ።

«መውጫው ላይ ታጠፈች» አለኝ ቨርል፣ ገና ሳያየኝ። ድምፁ ከጥርሱ መሀል ነው የሚወጣው። «መውጫው ክብ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ነው የሚወርደው። አንዴም አላጋደለችም። አይደል፣ ማርሊስ?»

«አላጋደለችም» አለች ማርሊስ። «ጥሩ አድርጋ ታጠፈች።»

«አየህ።»

ራሱ መውጣት አልቻለም። አንድ እጄን ከጀርባው፣ አንዱን ከጉልበቱ ሥር አስገብቼ አነሣሁት። በወጣትነታችን ተጋግዘን ሞተር ስናነሣ ሁሌ ከባዱን ጎን የሚይዘው እሱ ነበር። አሁን ክንዴ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል፤ ልብስ ነው የያዝኩት። ወደ ካሚዮኑ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ጆሮዬ ሥር ተናገረ።

«ገምት።»

«ተው፣ ቨርል።»

«ገምት ስልህ። ሁለት ዶላሬን እከፍላለሁ።»

«መቶ ሠላሳ አራት።»

«መቶ ሠላሳ ሁለት። አሻንጉሊት የለኝም ማለት ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የዚያን ማክሰኞስ? ፖንችኪ ያመጣሁልህ ቀን?»

ክንዴን ከሥሩ አስተካክዬ ያዝኩት።

«መቶ ስድሳ ስምንት» አልኩት።

«መቶ ስድሳ ስምንት» አለ እሱም። «ልክ ነህ። አውቀኸው ነበር።»

«አውቄው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሁለት መቶ አሥር ጻፍክ?»

«አንተ ነሃ ያልከኝ!» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለብኝ፤ ደረቱ እቅፌ ውስጥ ሲደነግጥ ተሰማኝ። «ራስህ ነህ ያልከኝ፣ ቨርል።»

«እኔማ አፌ ነው ያለው» አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አውቆ ያርመዋል ብዬ ነው እኮ። ሁሉንም ታርም የለ? በኋላም በስልክ ጠየቅኩህ፣ ልምጣና ልቀመጥ ብዬ። አንተ መቼ የሰው አፍ ሰምተህ ታውቅና ነው የኔን የሰማኸው?»

ማርሊስ ከኋላችን ነበረች። ሰምታለች። ቀድማን ሄዳ የጋቢናውን በር ከፈተችና ትራሱን መቀመጫው ላይ አመቻቸች።

ሦስታችን ጋቢናው ውስጥ ተደርድረን ተመለስን፣ ቨርል መሀል። አውራ ጎዳናውን ትቼ በገጠሩ አስፋልት፣ በሠላሳ ማይል ፍጥነት ነዳሁ። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ጡሩምባውን ያንባርቅብናል። ሼቬሏ ጀርባችን ላይ በሰንሰለት ታስራ ተጭናለች። ለስላሳውን ሞላ ነገ አዝዛለሁ፣ በአሥር ቀን ውስጥ እቀይረዋለሁ፣ መልሳችሁ ትሄዳላችሁ እያልኩ ለፈለፍኩ። «እሺ» አለኝ ቨርል። ልጅን እንደሚያባብሉት ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ራሱን ማርሊስ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

በዚያ አስፋልት ላይ ኩርባ ሞልቶ ነበር። ሁሉንም በካሚዮን ዞርናቸው።

ሞላውም ላስቲኩም በዘጠነኛው ቀን ደረሱ። ቀንና ሌሊት ሠርቼ አስገባኋቸው። ከረጢቶቹን ፈትቼ አሸዋ ቀነስኩ፣ መቶ ሠላሳ ሁለት አደረግኳቸው። ስደውል ማርሊስ ነች ያነሣችው። ከአልጋ አይነሣም አለችኝ። ሞላው መቀየሩን እንድትነግረው ግን ጠየቅኳት፤ ስልኩን ይዛ ሄዳ ስትነግረው በሩቁ ሰማኋት። ምን እንዳለ አልነገረችኝም። ከዚያ በአራተኛው ቀን ሞተ። የቀብሩ ዕለት ማርሊስ በትሕትና እጄን ጨበጠችኝ፣ ስለደከምክልን እናመሰግናለን አለችኝ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። አርባ አምስት ዓመት አንተ ውሻ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ወደ መቃብሩ የሄደችው በራሷ መኪና ነው፣ ከሬሳ መኪናው ኋላ እየተከተለች።

ሼቬሏ እስከ ዛሬ ጋራዤ ውስጥ ቆማለች። ማርሊስ ውሰድልኝም አላለች፣ መልስልኝም አላለች። ከረጢቶቹ ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ናቸው፤ ላወርዳቸው በሩን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ።

በሐምሌ ባዛሩ ደረሰ። የደብራችን ቄስ አባ ካሲሚር ድንኳኑን እንደ ወትሮው ተክለው፣ አሻንጉሊቶቹን ሰቅለው ጠሩኝ። ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው።

«ምነው ኖርብ?» አሉኝ ተጨንቀው። «ዓይንህ ደከመ እንዴ?»

«አይ፣ አባ» አልኳቸው። «ዓይኔስ ደህና ነው።»